ድምፁ ብቻ አያሳምነን፦ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ለሕመምተኛ ከመዋሉ በፊት



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የጤና ትምህርት ስለ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ በየአገሩ ብዙ የኦክስጅን ማሽኖች ተገዝተዋል፤ በእርዳታም ተሰጥተዋል። ወረርሽኙ ሲበርድ አንዳንዶቹ በመጋዘንና በክሊኒክ ጥግ አቧራ ለብሰው ቀርተዋል። ሌሎቹን ደግሞ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ ገዝቶ ይልካቸዋል። በካምፓላ በካባላጋላ፣ በካንሳንጋና በሌሎች ሰፈሮች የምንኖር ስደተኞችም ሆንን በሰፈራ ጣቢያ ያሉ ወገኖቻችን፣ አስም ያለባት እናት ወይም ልቡ የደከመ አባት ቤት ውስጥ ሲኖር «ይህን ማሽን አስጠግነን ብንጠቀምበትስ?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

መልሱ እንዲህ ነው። አሮጌ ማሽን ተጠግኖ ሕይወት ሊያድን ይችላል። ነገር ግን ማሽኑ መብራት ማብራቱ፣ መጮኹና አየር መንፋቱ ኦክስጅን መስጠቱን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ልኬት ብቻ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

1. ኦክስጅን መድኃኒት ነው

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ጤነኛ ሳንባ ይህ 21 በመቶ ይበቃዋል። በሳንባ ምች፣ በከባድ አስም፣ በልብ ድካም ወይም በሌላ ሕመም የተጎዳ ሰው ግን ከአየር የሚያገኘው ኦክስጅን ላይበቃው ይችላል። ያን ጊዜ ኦክስጅን እንደ ማንኛውም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ በመጠን ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ኦክስጅንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ሁለት ምሳሌ እንይ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በአምስት ሆስፒታሎች የኦክስጅን ማሽኖችና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ፣ ማለትም ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ከሥልጠና ጋር እንዲገቡ ተደረገ። የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት የመሞት ዕድል በ35 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በዚሁ በምንኖርበት በዩጋንዳ ደግሞ በ20 የጤና ተቋማት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የኦክስጅን አገልግሎት ተዘርግቶ ከ2,400 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የመሞት ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ልብ በሉ። በሁለቱም ቦታ ውጤቱ የመጣው ማሽኑ ስለተገዛ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ይለካ ነበር፤ ይጠገን ነበር፤ ሕመምተኛውንም የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ነበር።

2. ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

የኦክስጅን ማሽን፣ በሙያ ስሙ ኮንሰንትሬተር፣ ኦክስጅን ከምንም አይፈጥርም። ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን ለይቶ ያስቀራል። ሥራው በአራት ደረጃ ይከናወናል።

ሀ) አየር በማጣሪያ (ብዙዎቻችን «ፊልትሮ» የምንለው) በኩል ይገባል።
ለ) ውስጡ ያለው ኮምፕረሰር አየሩን ያምቀዋል።
ሐ) የታመቀው አየር ዚዮላይት የሚባሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ወደ ተሞላ ቱቦ ይገባል። ዚዮላይት ግፊት ሲበዛበት ናይትሮጅንን ይዞ ያስቀራል፤ ኦክስጅኑን ያሳልፋል።
መ) ግፊቱ ሲቀንስ የያዘውን ናይትሮጅን መልሶ ይለቅቃል። ሁለት ቱቦዎች በየተራ ስለሚሠሩ አንዱ ሲያጣራ ሌላው ራሱን ያጸዳል። ማሽኑ በየጥቂት ሴኮንዱ «ፍስስ» የሚለው ለዚህ ነው።

በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ማሽን የሚሰጠው አየር ከ90 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ82 በመቶ በታች መሆን የለበትም ይላል።

እንግዲህ ኮምፕረሰሩ ቢደክም፣ ማጣሪያው ቢደፈን፣ ቱቦው ቢያፈስ ወይም ዚዮላይቱ እርጥበት ቢጠጣ ምን ይሆናል? ማሽኑ እንደ ወትሮው ይጮኻል፤ በአፍንጫ ቱቦውም አየር ይወጣል። የሚወጣው አየር ግን ከክፍሉ አየር ብዙም ላይለይ ይችላል። ሕመምተኛው እየደከመ ቤተሰቡ «ኦክስጅን ላይ ነው» ብሎ ይጽናናል። ወደ ሆስፒታል መሄጃው ሰዓት የሚያልፈው በዚህ መካከል ነው። የተበላሸ ማሽን ከሌለ ማሽን የሚከፋውም ለዚህ ነው።

3. የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለሰው አይሆንም

በካምፓላ ካትዌ ሰፈር የብረታ ብረትና የጥገና ባለሙያዎች እጅ ወርቅ ነው። ከአሮጌ ማሽን አዲስ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ኮምፕረሰር ኮምፕረሰር ነው፤ ለጎማ የሚሆነው ለሰው ለምን አይሆንም?» ይላል። ሦስት ምክንያት እንስጥ።

አንደኛ፣ የጎማ መንፊያም ሆነ የቀለም መርጫ ኮምፕረሰር የሚሰጠው ተራ አየር ነው። ምን ያህል ቢታመቅ ኦክስጅኑ ያው 21 በመቶ ነው። የሳንባ ምች ላለበት ሰው አይረዳም።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው የጋራዥ ኮምፕረሰር በዘይት የሚሠራ ነው። ከአየሩ ጋር የዘይት ብናኝ ይወጣል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ኮምፕረሰሩ የጄኔሬተርና የመኪና ጭስ ሲስብ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይገባበታል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ዝገት አለ።

ከእሳት አደጋ መከላከያ ወይም ከጠላቂ ዋናተኞች የተረፈ ባለ ከፍተኛ ግፊት ኮምፕረሰር ቢገኝም ነገሩ ያው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በ200 ወይም በ300 ባር ግፊት አየር ወደ ሲሊንደር ይሞላል። በባለሙያ ታድሶ፣ ማጣሪያው ተለውጦ፣ አየሩ በመለኪያ ከተፈተሸ ጭስ ውስጥ ለሚገባ ወይም ውኃ ውስጥ ለሚጠልቅ ጤነኛ ሰው ይጠቅማል። ለሕመምተኛ ግን ኦክስጅን አይሆንም። ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎችም በጋራዥ ኮምፕረሰር አየር መላክ አደገኛ መሆኑን ለወጣቶቻችን ንገሩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በኮምፕረሰር የኦክስጅን ሲሊንደር ለመሙላት አትሞክሩ። ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠሉና ሊፈነዱ ይችላሉ።

4. አሮጌ ማሽን ሲገኝ ደረጃ በደረጃ ምን ይደረግ?

ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻንን አይተካም። በጎ ፈቃደኞች ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው የተዘጋጀው።

ደረጃ አንድ፦ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። የዩጋንዳ መብራት 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ፍጥነት ያጣል፤ አየሩ ያንሳል፤ ማሽኑ ይግላል፤ የኦክስጅኑም መጠን ይወርዳል። ዘመድ «ማሽን ልላክ» ሲላችሁ ገና ከመግዛቱ በፊት «230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ይሁን» በሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

ደረጃ ሁለት፦ የሰዓት ቆጣሪውን እዩ። ማሽኑ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር የሠራበትን ሰዓት ይመዘግባል። ሌት ተቀን የሠራ ማሽን በአንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ኮምፕረሰሩ መታደስ ወይም መለወጥ ያስፈልገው ይሆናል።

ደረጃ ሦስት፦ ከሶኬት ነቅላችሁ ውጭውን በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። የስፖንጅ ማጣሪያውን አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡ፤ አለቅልቁ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች አይታጠቡም፤ ይለወጣሉ። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ማንኛውንም ዘይት አትጠቀሙ።

ደረጃ አራት (ለቴክኒሻን ብቻ)፦ ክዳኑን ከፍቶ ቱቦዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። የኮምፕረሰሩን ግፊት ይለካል። የፒስተኑ ማሸጊያ አልቆ ከሆነ ይለውጣል። ይህ ኮምፕረሰር ያለ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ «ይለስልስ» ተብሎ ጠብታ ዘይት እንኳ አይጨመርበትም።

ደረጃ አምስት (ለቴክኒሻን ብቻ)፦ ዚዮላይቱ እርጥበት ጠጥቶ እንደሆነ ያጣራል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የተቀመጠ፣ በተለይም በዝናብ ወራት ክፍት የቆየ ማሽን ለዚህ ይጋለጣል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ አይሠራም። ቱቦው ከነዚዮላይቱ ይለወጣል። የመለዋወጫው ዋጋ ውድ ከሆነ ማሽኑን መተው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በካምፓላ ጥገናውን ማን ይችላል? በዋቢጋሎ የዩጋንዳ ጤና ሚኒስቴር የሕክምና መሣሪያዎች ማዕከላዊ የጥገና ወርክሾፕ አለ። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲም በሕክምና መሣሪያ ምህንድስና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የግል ባለሙያ ከቀጠራችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የኦክስጅን መለኪያ አለህ ወይ?» ይሁን። መለኪያ የሌለው ሰው ካቻቪቴ ቢይዝም ማሽኑን ጠገንኩት ሊል አይችልም።

5. ልኬቱ

ቴክኒሻኑ ኦክስጅን አናላይዘር በሚባል መለኪያ ይለካል። እንዴት እንደሚለካ እናንተም ቆማችሁ እዩ።

• መጀመሪያ መለኪያውን በክፍሉ አየር ይፈትሻል፤ 21 በመቶ ገደማ ማሳየት አለበት።
• ማሽኑን አስነሥቶ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቃል።
• በዝቅተኛ ፍሰት ብቻ ለክቶ አይተውም። የደከመ ማሽን በደቂቃ 1 ሊትር ሲሰጥ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ድክመቱ የሚታየው ፍሰቱ ሲጨምር ነው። ባለ 5 ሊትር ማሽን በ5 ሊትር ይለካል።
• ለብዙ ሰዓት ሠርቶ ከጋለ በኋላ እንደገና ይለካል።

ውጤቱን እንዲህ ተረዱት፦

90 በመቶና ከዚያ በላይ፦ መልካም ነው፤ ቀኑና ቁጥሩ ይመዝገብ።
ከ82 እስከ 89 በመቶ፦ ከመስፈርቱ አልወረደም፤ ግን እየደከመ ነው፤ ጥገና ይያዝለት።
ከ82 በመቶ በታች፦ ለሕመምተኛ አይሰጥም። «ከምንም ይሻላል» አይባልም። «አይሠራም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት።

በሰፈር የተለመዱ ሁለት መፈተሻዎች አሉ። አንደኛው ቱቦውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ማየት ነው። አረፋው አየር መውጣቱን እንጂ ኦክስጅን መሆኑን አያሳይም። ሁለተኛው ክብሪት አስጠግቶ እሳቱ መድመቁን ማየት ነው። ይህ ቃጠሎ ያመጣል፤ ፈጽሞ አታድርጉት።

6. ሕመምተኛውንም ለኩ

ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይለካል። ፐልስ ኦክሲሜትር ጣት ላይ ይደረጋል። ለጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ያሳያል። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሁለት ጥንቃቄ እንጨምር። የጥፍር ቀለም ካለ ይልቀቅ። እንሶስላ ወይም ሂና የተሞቀ ጣት ከሆነ በሌላ ጣት ወይም በእግር ጣት ይሞከር። እንዲሁም መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ ቁጥሩ 92 ወይም 93 ሆኖ ሰውየው ግን ሲያቃስት ካያችሁት፣ ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን እመኑ።

7. በቤት ውስጥ ጥንቃቄ

• ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም፤ ሌላውን ግን በኃይል ያቃጥላል። ሲጋራ፣ ሻማ፣ ጧፍና የከሰል ምድጃ ማሽኑ ባለበት ክፍል አይኑሩ።
• ቡና ማፍላት ባህላችን ነው፤ ጠያቂ ሲመጣም ይፈላል። ነገር ግን ከሰሉና እጣኑ በሌላ ክፍል ወይም በደጅ ይሁን። ጭሱ ሕመምተኛውን ይጎዳል፤ ማጣሪያውንም ይደፍናል።
• የሕመምተኛው አፍንጫና ከንፈር ቢደርቅ ቫዝሊን ወይም ቅቤ አትቀቡ። ቅባት ኦክስጅን ባለበት ለእሳት ይመቻል። በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ከጤና ባለሙያ ጠይቁ።
• ማሽኑን ከግድግዳና ከመጋረጃ አርቁት፤ ካልተነፈሰ ይግላል።
• የአፍንጫ ቱቦ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የውኃ ማርጠቢያ ካለው ውኃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በየቀኑም ይለወጥ።
• የስፖንጅ ማጣሪያው በየሳምንቱ ይታጠብ።
• ፍሰቱን የጤና ባለሙያ ካዘዘው በላይ ወይም በታች አታድርጉ። በተለይ ለቆየ የሳንባ ሕመምተኛ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅንም ጉዳት አለው።
• የመብራቱን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡ። 350 ዋት የሚወስድ ማሽን ሌት ተቀን ሲሠራ በቀን 8.4 ዩኒት ይበላል። የያካ ቆጣሪው ሌሊት ላይ ባዶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ስታቢላይዘርም ያስፈልጋል።
• መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ያን ጊዜውኑ ይቆማል። ሲሊንደር ወይም ሌላ ምትክ በሌለበት ቤት፣ ያለ ኦክስጅን መቆየት የማይችል ሕመምተኛ መቀመጥ የለበትም።

8. ማሽን ቢኖርም እነዚህን ምልክቶች ስታዩ አትዘግዩ

በሕፃናት፦ በአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ መግባት፣ ማቃሰት፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የከንፈር መጥቆር፣ መፍዘዝና አንቀላፍቶ አለመንቃት ብርቱ የአደጋ ምልክቶች ናቸው።

በአዋቂዎች፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር አለመቻል፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ የደረት ሕመም፣ የሐሳብ መደናገር።

በዩጋንዳ ስደተኞች በመንግሥት የጤና ተቋማት እንደ አገሬው ሰው ይታከማሉ። በካባላጋላ አቅራቢያ የኪሱጉ ጤና ጣቢያ አለ። ለከባድ ሕመም ኪሩዱና ሙላጎ ሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ። ቋንቋ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሰፈራችሁን በጎ ፈቃደኛ አብሯችሁ እንዲሄድ ጥሩ፤ ለማስተርጎም ብላችሁ ግን ሰዓት አታባክኑ።

9. ለበጎ ፈቃደኞች

በየሰፈራችሁ የኦክስጅን ማሽን ያለበትን ቤትና ክሊኒክ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ይኑረው፦ የቆጣሪው ሰዓት፣ ማጣሪያው የታጠበበት ቀን፣ የመጨረሻው ልኬት ቁጥርና የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። ደብተር የሌለው ማሽን እንዳልተለካ ይቆጠር።

ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ሁኔታ ያጠናቀረ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ካሉት መሣሪያዎች 40 በመቶ ያህሉ አገልግሎት እንደማይሰጡ አሳይቷል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ማሽን ሳይሆን መለዋወጫ፣ ሠልጣኝና ክትትል ነው። ስለዚህ ለመርዳት የሚፈልግ ዘመድ ወይም ማኅበር ሲጠይቃችሁ፣ ሌላ አሮጌ ማሽን ከማስመጣት ይልቅ ላለው ማሽን ማጣሪያ፣ አንድ የኦክስጅን መለኪያና አንድ ፐልስ ኦክሲሜትር እንዲገዛ ምከሩት። አንድ መለኪያ በየተራ የሰፈሩን ማሽኖች ሁሉ ይፈትሻል።

ለማስታወስ

• የሚጮኽ ማሽን ሁሉ ኦክስጅን አይሰጥም።
• ከ82 በመቶ በታች ለሕመምተኛ አይሰጥም።
• የጋራዥ ኮምፕረሰር ለሰው መተንፈሻ አይሆንም።
• ዘይት፣ ቅባትና እሳት ከኦክስጅን ይራቁ።
• ማሽን ቤት አለ ተብሎ ሆስፒታል አይቀርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጎረቤታችሁ ከአሜሪካ የተላከ ማሽን ሊሰካ ነው። ከመሰካቱ በፊት ምን ትጠይቁታላችሁ?
2. አንድ ማሽን በ1 ሊትር 91 በመቶ፣ በ5 ሊትር 70 በመቶ አሳየ። ለሕመምተኛ ይሰጣል? ለምን?
3. የአንዲት እናት ፐልስ ኦክሲሜትር 93 ያሳያል፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷታል። ምን ታደርጋላችሁ?

መልሶቹን ከቡድናችሁ ጋር ተወያዩባቸው፤ ያልገባችሁን በሚቀጥለው የጤና ትምህርት ቀን ይዛችሁ ኑ። መለኪያ ስላለው ቴክኒሻን የምታውቁ ካላችሁም ለሰፈራችሁ በጎ ፈቃደኛ አሳውቁ።